እንደ ማሽላ የቀበርነው ፊልም

ቤቴ ውስጥ አቼቶ አይገባም። ባለቤቴ ሰላጣ ሲያምረው ሎሚ ይጨምቅበታል፤ ሰው ቤት ተጋብዤ ከማዕዱ ላይ ከሸተተኝ ደግሞ ሰበብ ፈልጌ እነሳለሁ። የሚያውቁኝ ሁሉ አለርጂ ይመስላቸዋል። እኔም ማስረዳቱ ስለሚያደክመኝ «አዎ፣ አለርጂ ነው» እላለሁ። እውነቱን እዚህ ልጻፈው። አቼቶ በሸተተኝ ቁጥር አሥራ አንድ የፊልም ቆርቆሮና የአባቴ ድምፅ ትዝ ይሉኛል። ሁለቱንም የቀበርኩት እኔ ነኝ።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበሩ። ከአዳራሹ በስተኋላ ከፍ ብላ የተሠራች ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው፤ ማሽኑ ስለሚያሞቃት በደሴ ብርድ ኮታቸውን አውልቀው የሚሠሩ ብቸኛ ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ዋናው ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የህንድ ነበር። ከእሱ በፊት ግን፣ ሰዉ ገና ወንበር ሲሻማና ቆሎ ሻጮች በመሃል ሲሹለከለኩ፣ ሰባት ደቂቃ ያህል የምትፈጅ የአሜሪካ ካርቱን ያሳያሉ። ካርቱኖቹ አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። አንድ የውጭ አገር ቢሮ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሄድ ከነትንሽ ማሳያ ማሽናቸው ለሲኒማ ቤቱ የተዋቸው ናቸው። የደሴ ሰው እነዚያኑ አሥራ አንዱን እያፈራረቀ ለዓመታት ሲያይ ኖረ፤ ሰለቸኝ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ያልሰለቸበት ምክንያት አባባ ናቸው። ካርቱኖቹ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ድምፁን ቀነስ አድርገው፣ ማይክራፎን ይዘው፣ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። እንግሊዝኛ አይችሉም። እንደ መሰላቸው ነው የሚተረጉሙት፤ አንዳንዴም ፊልሙ ውስጥ ጨርሶ የሌለ ጠብ ፈጥረው ራሳቸው ያስታርቁታል። ከወንበሩ የሚወድቀው ሰው ግን በሥዕሉ ሳይሆን በእሳቸው አነጋገር እየሳቀ ነበር የሚወድቀው።

ከሁሉም የምወደው የድቡና የእንቁላሉ ነው። አንድ ወፍራም ድብ ሽርጥ አገልድሞ ቁርሱን ሊጠብስ ይነሳል፤ መጥበሻው ሲግል እንቁላሉ እግር አውጥቶ ይሮጣል። ታሪኩ ይኸው ነው። ድቡ እንቁላሉን በመስኮት፣ በጣሪያ፣ በባቡር ላይ ሲያባርር ቆይቶ መጨረሻ ላይ ገደል አፋፍ ይደርሱና ሁለቱም አየር ላይ መሮጥ ይቀጥላሉ። ድቡ ቆም ይላል። ከእግሩ በታች ምንም የለም፤ እሱ ግን ገና አላየም። አባባ ፍሬን እምቢ እንዳለው ሾፌር በወፍራም ድምፅ «ያ ረቢ! ሐረጎ ላይ ነኝ እንዴ?» ያሰኙታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ያልወረደ ሰው አዳራሹ ውስጥ ስለማይኖር ሳቁ ጣሪያ ሊነቅል ይደርሳል። እንቁላሉ ቅልስልስ ብሎ «አብሽር ድብዬ፣ ወደ ታች ብቻ እንዳታይ» ይለዋል። ድቡ ያያል። ይወድቃል።

አባባ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ያለ ሥዕል አይናገሩም። ቤት ውስጥ ራት ላይ ተቀምጠን «አባባ፣ የድቡን ይንገሩን» ብለን ብንለምን፣ ብናለቅስ፣ አይሆንም። «ሥዕሉ ሳይኖር ቃሉ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። ሥዕሉን ሲያዩ ነው አፋቸው የሚፈታው፤ ከዚያ ውጭ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አዳራሹ ውስጥም ፊልሙ ሳይጀመር ቀድሞ የሚያወራ ልጅ ካለ ከክፍላቸው መስኮት እጃቸውን አውጥተው፣ መዳፋቸውን ወደ ታች ተጭነው ዝም ያሰኙታል። ያ መዳፍ እኔንም ስንቴ ዝም አሰኝቶኛል። በዚህ ደንብ የተነሳ ቃላቸውን የጻፈም የቀዳም የለም። ካሴት በየቤቱ በነበረበት ዘመን እንኳ አልቀዳንም። ሁልጊዜ የሚኖሩ ይመስለን ነበር።

ከዚያ ቪዲዮ ቤቶች መጡ፤ ቀጥሎ ዲሽ። አዳራሹ መጀመሪያ ስብሰባ ተደረገበት፣ በኋላ ጆንያ ተከመረበት። አባባ ጡረታ ሲወጡ አሥራ አንዱን ቆርቆሮና ትንሹን ማሽን የሚፈልግ ስላልነበረ ወደ ቤታቸው ይዘዋቸው መጡ። በኢድም በገናም አንሶላ ሰቅለው ለጎረቤት ያሳያሉ። በወር አንዴ ደግሞ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ክዳኖቹን ከፍተው ፊልሙን ከአንዱ ጥቅልል ወደ ሌላው እያዞሩ ጥላ ላይ ያናፍሱታል። «ይተንፍስ» ይላሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች «እኔን እንዲህ አንድ ቀን ነፋስ አስቀብለውኝ አያውቁም» እያለች ትቀልድባቸው ነበር። እኔ ደግሞ የሥራ ፈት ሥራ ነው እል ነበር። አፌ ክፉ ነው፤ እስካሁን ካልታወቀ።

እኔ ያገባሁት ኮምቦልቻ ነው። እዚያው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን የወጣ ጨርቅ ጉድለት እንዳለበት እመረምራለሁ። ክር ጠፍቶ ሥራ በሚቆምባቸው ቀናት ስልኬ ላይ የእነዚህን ካርቱኖች ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። ለልጆች ብቻ የተሠሩ አለመሆናቸው ገረመኝ። ልክ እንደ አባባ አዳራሽ፣ ከዋናው ፊልም በፊት ለገባው ሰው ሁሉ፣ ለትልቅም ለትንሽም እንዲታዩ ነው የተሠሩት። ገና ሲጀመር ድምፅም ቀለምም አልነበራቸውም። ለሰባት ደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ሥዕል ይሣላል፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ የተደረደሩ ሴቶች እያንዳንዱን ሥዕል ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይገለብጣሉ፣ በጀርባው ቀለም ይቀቡታል። የአብዛኞቹ ስም ፊልሙ ላይ አይወጣም። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ይታጠብና ለሚቀጥለው ፊልም ይውላል። ወራት የተለፋበት ድብ ታጥቦ ይሄዳል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ላይ ዓይኔን ተክዬ የምውል ሴት ስለሆንኩ አንጀቴን በሉት።

በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፤ ሲኒማ ቤቶች ለካርቱን መክፈሉን ተዉት፣ ስቱዲዮዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ለቴሌቪዥን የሚሠራው ደግሞ ርካሽ ሆነ፤ ሰውነቱ ደርቆ አፉ ብቻ የሚንቀሳቀስ። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ማንም ሳያስቀምጣቸው ጠፍተው ቀሩ። ይህን ለአባባ ስነግራቸው አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝና «እነሱም እንዲህ ሆኑ?» አሉ። ለአንድ ሳምንት ያህል አዝነው ነበር።

ጦርነቱ ወደኛ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ያለውን መደበቅ ያዘ። አባባ የሚኖሩባት የደሴዋ ቤት ግቢ የላትም። አባባን ከነቆርቆሮዎቻቸውና ከነማሽናቸው ወደ ኮምቦልቻ ወደ ቤታችን አወረድኳቸው። ማሽኑን ኮርኒስ ላይ አወጣነው። ለፊልሞቹ ግን ብልሃት ያመጣሁት እኔ ነኝ። የባለቤቴ ቤተሰብ ከኮምቦልቻ በታች ቆላው ላይ ማሽላ ያመርታል፤ ማሽላ ደግሞ እዚያ የሚቀመጠው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ደርቆ ይታጠናል፣ ጭድ ይነጠፍበታል፣ አፉ በድንጋይ ተከድኖ በጭቃና በእበት ይለሰናል። አየር ካልገባው ነቀዝ አይነካውም፤ ዓመታት ይቆያል። ባለቤቴ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው። ማሽላን ያቆየ ፊልምን የማያቆይበት ምክንያት አልታየኝም።

አባባ ጉድጓዱ ግቢያችን ውስጥ ሲቆፈር አጠገባችን ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ይኸ እህል አይደለም» አሉ። «ይተነፍሳል። ካልተነፈሰ ይሞታል፣ ወላሂ።»

«አንቱ ደግሞ! ሰዉ ነፍሱን ይዞ በሚሮጥበት ሰዓት የፊልም ትንፋሽ ነው የሚታይዎት?»

«ደሴ ብርዱም ነበር የያዛቸው። እዚህ ሙቀት ነው። ክዳናቸውን እንኳ ላላ አርጊው።»

አላላላሁም። እንዲያውም ውሃ እንዳይገባ ብዬ የእያንዳንዱን ቆርቆሮ ክዳን ዙሪያውን በሻማ ሰም አሸግኩት። አሥራ አንዱንም በፕላስቲክ በርሜል አድርገን፣ የበርሜሉን አፍ በላስቲክ አስረን፣ ባለቤቴ እንደ አባቶቹ ለሰነው። አባባ ዞር ብለው ሄደው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ሸሸን፤ ከዚያ ተመለስን። ስለዚያ መሃል የሚጽፉ ሌሎች አሉ። ስንመለስ የቤታችን በር ተገንጥሎ ነበር፤ አልጋም ፍራሽም ድስትም አልነበረም። ጉድጓዱ ግን አልተነካም፤ ልስኑ ላይ ሣር በቅሎበት አገኘነው። ማሽኑም ኮርኒሱ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እኔ በደስታ እልል አልኩ። «አላልኩም?» አልኳቸው አባባን። «አየር አየር ሲሉ ደሴ ቢቀሩ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በይ አሁን አውጪያቸው።»

ይቆዩ አልኩ። ዘመኑ አይታመንም፤ ዛሬ የወጣ ነገ እንደገና መቀበሩ አይቀርም። በዚያ ላይ ቤቱን ማደስ ነበረብን፣ ፋብሪካው ተከፈተ ተዘጋ እያለ ልባችንን ያወልቀዋል። አባባ በየወሩ ዓርብ ይጠይቁኛል፤ እኔ በየወሩ ነገ እላለሁ። እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት አለፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጉድጓዱ አጠገብ ልብስ ሳሰጣ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ አባባ ለሱብሂ ሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ተነስተው ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ደሴ ሐኪም ቤት ሁለት ሳምንት ተኛን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ፊት ለፊት ነው የምትናገረው። «ቃሉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋ ይሆናል፤ መውጫው ሊሆን ይችላል የተዘጋው» አለችኝ። «ድሮ ሲናገሩ የኖሩትን ነገር፣ የለመዱትን፣ እያሳያችሁ ሞክሩ። አንዳንዱ በዜማ ይመለሳል፣ አንዳንዱ በቁርአን። የእሳቸውን እናንተ ታውቃላችሁ።»

የእሳቸውን አውቃለሁ። ቤት ተመልሰን ወራት ሙሉ ቁርአን አስቀራንላቸው፤ እንባቸው ወረደ እንጂ ቃል አልወጣም። ስልኬ ላይ የዚያው ዘመን ካርቱን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸው ተከተለው፣ ከንፈራቸውም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ግን ስልኩን በግራ እጃቸው ቀስ ብለው ገፉትና በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው ጠቆሙ። ወደ ጉድጓዱ ነበር የጠቆሙት።

የዚያኑ ቀን ቆፈርነው። ባለቤቴ ልስኑን በዶማ ሰበረ፣ በርሜሉን ሳብን፤ ላስቲኩን ስፈታው ሽታው ፊቴን መታኝ። አቼቶ። ዓይናችን እስኪያነባ ድረስ አቼቶ። ባለቤቴ «የሆነ ነገር ፈሶበት ነው እንዴ?» አለ። ምንም አልፈሰሰበትም። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ሰሙን ፍቄ ከፈትኩት። ፊልሙ እንደ ቋንጣ ተጠማዝዞ ደርቋል፤ ላዩ ነጭ ዱቄት ለብሷል። ጫፉን ይዤ ሳብ ሳደርገው ተቆረጠ። ሁለተኛው አንድ ላይ ተጣብቆ ድንጋይ ሆኗል። አሥራ አንዱንም ከፈትኩ። የድቡና የእንቁላሉ ዘጠነኛው ነበር፤ ክዳኑ ላይ የአባባ የእጅ ጽሑፍ አለ። ወደ ብርሃን ሳነሳው ሥዕሉ ከፊልሙ ላይ ተላቆ ጣቴ ላይ ቀረ።

ያም ሆኖ ዝም አላልኩም። ቆርቆሮውንና ማሽኑን በከረጢት ይዤ በሐረጎ ወደ ደሴ ወጣሁ። ፒያሳ አንድ የድሮ ሬዲዮና ማሽን የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ፤ አባባን ከአዳራሹ ዘመን ጀምሮ ያውቋቸዋል። ቆርቆሮውን ሳልከፍተው አሸተቱትና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ይኸ አልቋል፣ ልጄ» አሉኝ። «እንዲህ ያለው ፊልም ሲያረጅ ከውስጡ አሲድ ይወጣዋል። ነፋስ ካገኘ ሽታው ይወጣለታል፣ ዕድሜም ያገኛል። ከታፈነ ግን የራሱ መርዝ መልሶ ይበላዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ አትጠይቂኝ። አባትሽ ይኸን አሳምረው ያውቃሉ። ማነው እንዲህ ያሸገው?»

«እኔ» አልኩ።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ። ማሽኑን ግን ጤነኛ ነው ብለው አምፖል ፈልገው ገጠሙለት፣ ጎማውን ቀየሩለት። ውጭ አገር እንዲህ የሆነ ፊልም የሚያድን ይኖር እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሥዕሉ ጣትሽ ላይ ከቀረ በኋላ ምኑን ያድኑታል?» አሉኝ። ቤቴ ተመልሼ ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ያንን ድብ ፈለግኩ። ትልልቆቹ፣ ስማቸው የታወቀው፣ ሁሉም አሉ። ድብና እንቁላል የለም። የሆነ ትንሽ ስቱዲዮ ሠርቶት፣ ፕላስቲኩ ታጥቦ፣ ስቱዲዮው ተዘግቶ ይሆናል። ሌላ ቅጂ የሆነ አገር ይኑር አይኑር አላውቅም። የመጨረሻው የእኛ ጉድጓድ ውስጥ የነበረው ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ያስፈራኛል።

ለአባባ እንዴት እንደምነግራቸው አጣሁ። እሳቸው ደግሞ ማሽኑ ከኮርኒስ ወርዶ ሲያዩ ፊታቸው በራ። በየቀኑ በግራ እጃቸው ወደ ማሽኑ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ያሳዩኛል። በመጨረሻ ለባለቤቴ «ባዶውን እናስነሳው» አልኩት። የማሽኑን ድምፅ ይወዱታል፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት ድምፅ ነው፤ ማን ያውቃል፣ እሱ ብቻውን አፋቸውን ይፈታው ይሆናል። ሌላ ምንም የቀረን ነገር አልነበረም።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን፣ አባባን ወንበር ላይ አስደግፈን ከግድግዳው ፊት አስቀመጥናቸው። ማሽኑን አስነሳሁት። ያ የማውቀው ኳኳታ ቤቱን ሞላው፤ ግድግዳው ላይ አንድ ነጭ አራት ማዕዘን ተሳለ። አባባ ቀና አሉ። ነጩን አዩት። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠና ስድስት ወር ያልሰማሁት ድምፅ፣ ሻካራ ቢሆንም የራሳቸው ድምፅ፣ ወጣ።

«ፊልሙን አግቢ እንጂ። ሰዉ እየጠበቀ ነው።»

ባለቤቴ «አላሁ አክበር!» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ መደሰት አቃተኝ። ምን ላግባ? «እሺ አባባ» አልኩ። ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ ነጩን ግድግዳ እያየሁ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ ከቃላቸው የማስታውሰውን ጥቂት አልኩ። «አብሽር ድብዬ፣ ወደ ታች ብቻ እንዳታይ።» የድቡን ይመልሱልኛል ብዬ ጠበቅኩ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ግራ እጃቸውን አነሱና መዳፋቸውን ወደ ታች ተጫኑት። ዝም በይ፣ ፊልሙ አልተጀመረም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

አምፖሉ እንዳይቃጠል ፈርቼ አጠፋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ ከዙሁር በኋላ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው እንድናዞርላቸው በእጃቸው ያሳዩናል። የሚናገሩት ያችኑ ብቻ ነው፤ ውሃ ሲጠማቸውም፣ ሲያማቸውም ሌላ ቃል የላቸውም። «ፊልሙን አግቢ እንጂ። ሰዉ እየጠበቀ ነው።»

«እሺ አባባ፣ አሁን» እላለሁ።